ኢሽቤል ያልጠበቀችው ባል

ሩሪ ማክራ በልጅነቱ አንደበቱ የታሰረ ነበር። ዲዳ አልነበረም፤ ብቻ ሰው ፊት ሲቆም ቃሉ ከጉሮሮው አልወጣ ይለዋል። ትምህርት ቤት ስሙ ሲጠራ ላብ ያጠምቀዋል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘመር ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አባቱ ግን ሸርጣን አጥማጅ ነበርና ይህ አላስጨነቀውም። "ሸርጣን ወሬ አይጠይቅም፤ ለጀልባ የሚሆን ልጅ ነው" ይል ነበር።

እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ነው የሞተችው። አባትና ልጅ ከባሕር ሲመለሱ ጸጉሩን የምትቆርጥለት፣ ካልሲውን የምትደርትለት፣ ትኩስ ሾርባ የምታቀርብለት ጎረቤታቸው ኢሽቤል ነበረች። የኢሽቤል ቤት በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ካለው መንደራችን ከካመስ ግላስ ወጣ ብሎ ባሕሩ አፍ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ቆርቆሮው ቀይ ቤት ነው። ሩሪ ትምህርት ቤት እያለ የኢሽቤል ባል ቶርኪል፣ ለሳልሞን ዓሣ እርባታው ሠራተኞች ምግብ ታበስል ከነበረች ሴት ጋር አንድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። በዚያው ቀረ። አበርዲን ከተማ ቤት ሠርቷል፣ ልጆች ወልዷል ሲባል ሰማን። በመንደራችን ስለዚህ ጉዳይ አይወራም። ኢሽቤል አላነሳችውም፤ እኛም አላነሳንባትም። ዓመቱ በዓመት ላይ እየተደረበ፣ ሰው ሁሉ እያወቀው ማንም የማይናገረው ነገር ሆኖ ቀረ።

ሩሪ አርባ ሊሞላው ሲል ወገቡ እምቢ አለው። የሸርጣን ወጥመድ መጎተት ቀረና ጀልባውን ሸጦ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ጠዋት ከኢንቨርነስ ቱሪስት ይጭናል፤ የተራራውን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁል ወደ እኛ ይወርዳል፤ በእኔ ሻይ ቤት ያሳርፋቸዋል፤ ከዚያ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ቶሪደን ተራሮች፣ ዞሮም በሻይ ቤቴ በኩል ወደ ኢንቨርነስ። መንደሩ ሁሉ ተገረመ። "ሩሪ ሊያስጎበኝ? በምን አፉ?" እየተባለ ተሳቀበት።

መጀመሪያ ላይ የሚያውቀውን ነበር የሚናገረው። ይህ ድንጋይ ከዓለም አሮጌ ድንጋዮች አንዱ ነው፤ ያ ደሴት ስካይ ነው፤ አጋዘን በዚህ ወቅት ወደ ታች ይወርዳል። አንገትጌው ላይ በተሰካች ትንሽ ማይክ፣ ድምፁ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ቱሪስቶቹ አንገታቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው ያንቀላፋሉ። አንዱ ኢንተርኔት ላይ "መንገዱ ያምራል፤ ሾፌሩ ያስተኛል" ብሎ ጻፈበትና ወሬው መጠጥ ቤታችን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀረና "ክኒኑ" ተባለ። "ክኒኑ፣ ዛሬ ስንቱን አስተኛህ?" ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ጆሮው ግን እንደ ፍም ሲቀላ አይ ነበር።

ከዚያ ያ የጉም ቀን መጣ። ተራራ የለም፣ ባሕር የለም፣ ደሴት የለም፤ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ነጭ ብቻ። ተሳፋሪዎቹ አኩርፈዋል። የእኛ መንገድ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ከፊት የሚመጣ ካለ እንዲተላለፉ በየመሐሉ ዳሩ ሰፋ ተደርጓል። ሩሪ ከኢሽቤል ቤት በላይ ካለው ማሳለፊያ ገባ ብሎ ቆሞ ሳለ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተ። ከታች ቀዩ ቆርቆሮ ታየ። አጥሩ ጋ ኢሽቤል ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ቆማለች።

"ማን ናት እሷ?" አለች አንዷ ከኋላ።

ኢሽቤል ድመቷን እየጠራች ነበር። ሩሪ ይህን አላጣውም። ግን የሰው ሁሉ አንገት ወደ መስኮቱ ተሰግጎ ሲያይ፣ "ባሏን እየጠበቀች ነው" የሚል ቃል ከአፉ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። የእንቅልፍ ጸጥታ አልነበረም። ሩሪ ኋላ እንደነገረኝ በሕይወቱ እንዲያ ተሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀጠለ። ባሏ አሳ አጥማጅ ነበር፤ ማዕበል ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም፤ እሷ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲመሽ መስኮቷ ላይ ፋኖስ ታበራለች፣ ገበታዋ ላይ ሁለት ሳህን ታስቀምጣለች። አንዲት ሴት አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ሲወርድ ጨበጠውና "አንተ ልጅ፣ አንደበትህ ይባረክ" አለው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉ አፋፉን ዘለለና አገር ለአገር ዞረ። ሩሪ በየጉዞው ትንሽ ይጨምርበታል፤ አንድ ቀን የሠርግ ቀሚስ፣ ሌላ ቀን ባልየው ያስቀረው ጥቁር ውሻ። ድምፁ ራሱ ተለወጠ፤ የት ዝቅ እንደሚል፣ የት ዝም እንደሚል አወቀ። ሚኒባሷ መሙላት ጀመረች። "ክኒኑ" መባሉም ቀረ።

እኔ የሰማሁት ከአንዲት ቱሪስት ነው። ሻይዋን እያማሰለች "የምትጠብቀዋ ሴት ቤት በየት በኩል ነው?" አለችኝ። የቷ ሴት ብዬ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ሩሪ ውጭ ጎማ እየፈተሸ ነበርና ወጥቼ ያዝኩት።

"ሩሪ፣ ይሄ የምሰማው ምን ጉድ ነው? ኢሽቤልን ነው እንዲህ የምታደርጋት?"

"ስሟን አልጠራሁም እኮ፣ እትዬ ማርሳሊ።"

"ቤቷን በጣት እያሳየህ ስሟ ምን ያደርጋል? ቶርኪል እንዴት እንደሄደ ታውቃለህ።"

ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። "ማንን ጎዳሁ? ሲሰሙኝ ደስ ይላቸዋል። እሷንም አሳመርኳት እንጂ አላዋረድኳት።"

"ተወው ነው የምልህ።"

"ይሄ በጋ ይለፍና እተወዋለሁ። እናቴን" አለኝ። የሞተች እናቱን ስም ሲጠራ አመንኩት። በጋው አለፈ፤ አልተወውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ኢሽቤል ምንም አልሰማችም። አጥሯ ላይ የተቀመጠ አበባ ማግኘት ስትጀምር ግን ግራ ገባት። ሻይ ቤት መጥታ ትነግረኛለች፦ "እነዚህ ሰዎች የመቃብሩ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆን? ወይስ እኔ ሞቼ ሳልሰማ ቀርቼ ነው?" ትስቃለች። አበባውን ሰብስባ ቤተ ክርስቲያን ታስገባዋለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ የማውቀውን ግን አልነግራትም።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ኢሽቤል ረፋድ ላይ ሻይ ቤቴ ገባች። ካፖርቷን አላወለቀችም። ክንዷ ላይ አንድ ሰማያዊ ሹራብ አጣጥፋ ይዛለች፤ አሮጌ፣ ወፍራም፣ መርከበኞች የሚለብሱት ዓይነት።

"ተቀመጪ" አልኳት።

"ቆሜ ልንገርሽ" አለች። "ትናንት አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። ማይዌን ነው ስሟ፤ ከፈረንሳይ፣ ከባሕሩ ዳር ነው የመጣችው። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው። በሩን ስከፍትላት ምንም ሳትል አቀፈችኝ። አለቀሰች። እኔ እብድ መስላኝ ራሴን የምከላከልበት ድስት ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ።"

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

"ባሏ ከነጀልባው ነው የቀረው፤ አምና። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ሰዎች ለቅሶ ይብቃሽ ሲሏት፣ ስኮትላንድ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባሏን የምትጠብቅ ሴት አለች ሲባል ሰምታ፣ ስንት ሌሊት ነድታ እኔ ዘንድ መጣች። እንዴት እንደቻልሽው አስተምሪኝ አለችኝ። እኔን! ይህን ሹራብ ሰጠችኝ። የእሱ ነው። አንቺ ዘንድ ይሁን፣ አንቺ ማስቀመጥ ታውቂበታለሽ አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ምን ልበላት ማርሳሊ? ባሌ ከወጥ ሠሪ ጋር ነው የሄደው ልበላት? እንዲያ እያለቀሰች? ሻይ አፈላሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። 'ቀን ያልፋል' አልኳት። እስክትሄድ ድረስ የሞተ ባል ያላት ሴት ሆኜ ዋልኩ።" ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ማን እንዳወራው ጠየቅኋት። ጸጉሩ ቀይ፣ ሚኒባስ የሚነዳ አለችኝ።"

ከዚያ ኢሽቤል፣ "አንቺ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና "መቼ ነው የሚመጣው?" አለች።

"ነገ።"

"እንግዲያው ነገ አገር ልጎበኝ ነው። አንቺም ነይ፤ ብቻዬን እንዳልሄድ።"

በማግሥቱ ሻይ ቤቱን ለእህቴ ልጅ ትቼ ወጣሁ። ቀኑ እኛ አገር በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጠን ቀን ነበር፤ ሌሊት ዘንቦ ሰማዩ ታጥቧል፤ ስካይ እጅ ብትሰዱ የምትነካ ይመስላል፤ አቆስጣ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ድንጋይ ላይ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተጋድመዋል። ሩሪ እንግዶቹን ሊያሳፍር የሚኒባሷ በር ላይ ቆሞ ሳለ ኢሽቤል የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ ተሰለፈች።

"ቦታ አለ?" አለችው።

"አክስት ኢሽቤል... የት ላድርስዎ?"

"የትም አታደርሰኝም። ለጉብኝት ነው። ስላንተ ብዙ ሰማሁ፤ ጥሩ ትናገራለህ አሉኝ።"

ወደ እኔ አየ። ፊቴን አዞርኩ። ሂሳቧን አልቀበልም ሲላት መዳፉ ላይ አስጨበጠችውና ገብታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መስተዋቱ ውስጥ በደንብ ከምትታየው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ። ከኋላችን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሁለት የሆላንድ ልጃገረዶች፣ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጣሊያናዊ፣ ከፊታችን ደግሞ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት፤ ሌሎቹን አላስታውስም።

ሩሪ ሞተሩን አስነሳ። ማይኳ አንገትጌው ላይ እንደተከፈተች ነበር፤ ግን ምንም አልተናገረም። የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው፤ ከራሳችን በላይ ባሉት ድምፅ ማጉያዎች ሲገባና ሲወጣ።

መንገዱ ባሕሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ማሳለፊያ ታየ፤ ሩሪ ነዳጅ ረገጠና አለፈው።

አረንጓዴ ካፖርት የለበሰችው ሴት እጇን አወጣች። "ይቅርታ፣ ባሏን የምትጠብቀዋ ሴት ቤት አላለፍንም እንዴ? እኔ እኮ የመጣሁት ለሷ ስል ነው።"

"ዛሬ... ዛሬ ጊዜ የለንም" አለ ሩሪ።

"ጊዜ አለን" አለች ኢሽቤል ከመቀመጫዋ። "እኔ አልቸኩልም።"

ሩሪ መንዳቱን ቀጠለ። ግን ጥምዝምዙን ሳይጨርስ ከፊት ተጓዦች የሚያድሩበት አንድ ትልቅ የካምፕ መኪና ድቅን አለ። በእኛ መንገድ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ለማሳለፊያው የቀረበው ነው የሚመለሰው። የቀረበው ሩሪ ነበር። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። ጎማው ሁለት ጊዜ ሣሩን ነካ። እንደዚያ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ፣ ያንኑ ሊሸሸው የፈለገውን ቦታ ላይ ገብቶ ቆመ። የካምፕ መኪናው ነጂ እጁን አንስቶ አመስግኖት አለፈ።

ከታች ቀዩ ቆርቆሮ በፀሐይ ያበራል። ጣሊያናዊው ካሜራውን ከፈተ።

"ይኸው ነው!" አለች አረንጓዴ ለባሿ። "እባክህ ንገረን።"

ሩሪ ሞተሩን አጠፋ። መስተዋቱ ውስጥ ኢሽቤልን አያት፤ እሷም አየችው። ያ ግዙፍ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ሲኮማተር አየሁ፤ ከማጅራቱ የጀመረው መቅላት ጆሮው ድረስ ወጣ። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። እንደ ልጅነቱ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። ከብዙ በኋላ፣

"ያወራሁት ውሸት ነው" አለ። ማጉያው ቃሉን በየራሳችን ላይ ጣለው። "የሰጠመ ባል የለም። ፋኖስ የለም። ሁለት ሳህን የለም። የዚያን ቀን ጉም ነበር፤ የማሳያችሁ ነገር አጣሁና ፈጠርኩት። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሁሉ ከእኔ የሰማው ውሸት ነው። አፈርኩ... አፍሬያለሁ።"

ጣሊያናዊው ግን ነገሩ ጨዋታ መስሎት ኖሮ፣ "ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?" አለ።

ሩሪ ራሱን ነቀነቀ። "እውነቱ የእኔ አይደለም። አልናገረውም።"

በዚህ ጊዜ ኢሽቤል የፊቱን ወንበር ይዛ ተነሣች። ባርኔጣዋን አስተካከለች።

"የእኔ ነው" አለች። "ቤቱም የእኔ ነው፤ ሴትዮዋም እኔ ነኝ። ባሌ ቶርኪል ይባላል። ባሕር አልበላውም፤ ሌላ ሴት ወድዶ በአውቶቡስ ነው የሄደው። ጥሩውን ሻንጣ ይዞብኛል። እስካሁን በሕይወት አለ፤ ስኳር አለበት አሉ።"

እነዚህን ቃላት ከኢሽቤል አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከእሷ በቀር ሁላችንም ወለሉን ነበር የምናየው። አረንጓዴ ለባሿ አፏን በእጇ ይዛ፣ "በጣም አዝናለሁ... እኛ እኮ..." ስትል ኢሽቤል አቋረጠቻት።

"እናንተ ምን አደረጋችሁ? በሉ ተቀመጡ። ተራራው እንዳያመልጣችሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን ሁልጊዜ አይገኝም።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሩሪ ከዚህ የከፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። መንገዱ አላለቀማ! ወርዶ የትም መሄድ አይችልም፤ ሰዎቹን ጭኖ እስከ ቶሪደን፣ ዞሮ እስከ ሻይ ቤቴ መንዳት አለበት። እንዲህ ያለ ውበት በዚያን ቀን አለፍን! ቀይ ተራሮች አናታቸው ነጭ ድንጋይ፣ ከሥራቸው እንደ መስተዋት የተኛ ውሃ፣ ዳገቱ ላይ ቀንዳቸው ገና የሚበቅል አጋዘኖች። ሩሪ አንዱንም በስሙ አልጠራም። ፎቶ ማንሻ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ሰዎቹ በሹክሹክታ ይወርዳሉ፣ በሹክሹክታ ይገባሉ። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ያያል። ማይኳን ማጥፋቱን ረስቶ ነበርና ያ ትንፋሹ ቀኑን ሙሉ ከራሳችን አልወረደም። አንዴ የሆላንዷ ልጅ አዝናለት መሰለኝ ከረሜላ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም፤ እምቢ ማለቱ ራሱ አሳፍሮት አንገቱን ደፋ።

ሻይ ቤቱ ስንደርስ ኢሽቤል ቀስ ብላ ወረደች። ሩሪ ተከትሏት ወርዶ ፊቷ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ያጣጥፈዋል።

"አክስቴ፣ ይቅርታ የምልበት አፍ የለኝም።"

"አፍማ አለህ" አለችው። "እሱ ነው ችግሩ። ስማኝ ሩሪ፣ ምን እንዳናደደኝ ታውቃለህ? መዋሸትህ አይደለም። ያ ሰውዬ ከሄደ በኋላ በግ መሸለት ተማርኩ። ያንን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ወጥቼ በእጄ መታሁ። መኪና መንዳት ተማርኩ፣ የሰው ልጅ አሳደግኩ፤ አንተንም ጭምር። አንድም ቀን፣ አንድም ቀን እሱን ጠብቄ አላውቅም። አንተ ግን ያን ሁሉ ዓመት ወስደህ አጥር ሥር አቆምከኝ።"

የሩሪ እንባ ጢሙ ውስጥ ወረደ። እንግዶቹ በመስኮት እያዩት ነበር።

"አሁን ተረትህን ሰምታ የጠፋ ባሏን ሹራብ ያመጣችልኝ የፈረንሳይ ሴት አለች" አለች ኢሽቤል። "አድራሻዋንና ስልኳን ትታልኛለች፤ ሹራቡን መልሰህ ትልክላታለህ። መጀመሪያ ግን ስልክ ደውለህ በራስህ አንደበት ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።"

ስልኩን በማግሥቱ ከሻይ ቤቴ ጓዳ ነው የደወለው። ብቻዬን አልችልም ብሎ ለመነኝ፤ በር ላይ ቆምኩለት። ስሙን ተናገረ፤ ማን እንደሆነ ተናገረ፤ "ያቺ ሴት ባሏን አትጠብቅም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት" አለ። ማይዌን ወዲያው አልገባትም መሰለኝ ደግሞ እንዲነግራት አደረገችው። ደግሞ ነገራት። ሦስተኛ ጠየቀችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲናገር ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ወዲያ ማዶ ባሕር ይሁን ራዲዮ አንድ ነገር ሲያስገመግም ይሰማ ነበር። ስልኩ ተዘጋ። ሩሪ እጀታውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ። "ምን አለችህ?" ስለው፣ "ምንም" አለኝ። "ብትሰድበኝ ጥሩ ነበር።"

ሹራቡ ተላከ። መድረሱን የሚነግር ቃል ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ኢሽቤል አንዳንዴ "ያቺ ልጅ እንዴት ሆና ይሆን?" ትለኛለች።

ሩሪ ሚኒባሷን በዚያው በጋ ሸጠ። መንደሩ እንዳልሰማ ለመሆን ቢሞክርም እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም። መጠጥ ቤት ሲገባ ወሬው ይቀዘቅዛል፤ ቆይቶ መግባቱን ተወ። አንድ የቀድሞ ጓደኛው "ክኒኑ፣ ዛሬስ ማንን ልታሰጥም ነው?" ሲለው ሰምቻለሁ። አልተቆጣም። የሚገባውን እንደተቀበለ ሰው ጸጥ ብሎ ወጣ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጥና ከማንም በፊት ይወጣል፤ ኢሽቤል ወደ እሱ ዞር እንዳትል የሚፈራ ይመስለኛል።

በመከር የመንገድ ሥራ ተቀጠረ። ክረምት ሲገባ ተራራው ላይ በረዶ የሚጠርገውንና ጨው የሚበትነውን ትልቅ መኪና የሚነዳው እሱ ነው። መንገዱ በኢሽቤል ደጅ አናት ያልፋል። ቤቷ ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ ተራራው እንደሚያዞር በግ ጠባቂዎቹ ነግረውኛል።

ጥር ላይ ከባድ በረዶ ወረደ። መኪናው ወደ ኢሽቤል ቤት በሚወርደው መንገድ መገንጠያ ላይ ተንሸራቶ አፍንጫው ቦይ ውስጥ ገባ። ሩሪ በመገናኛ ሬዲዮ ተነጋግሮ እርዳታ እስኪመጣ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ። ከቤቷ ጭስ ይወጣል፤ እሱ ግን ቢሞት አይወርድም። ኢሽቤል በመስኮት አይታዋለች። ጠበቀችው፤ አልመጣም። በመጨረሻ ቦቲዋን አጥልቃ፣ አካፋ እንደ ከዘራ ይዛ፣ በዚያ በረዶ ዳገቱን ወጣች። በአካፋው እጀታ በሩን ደበደበችው።

"ምነው፣ እዚህ ደርቀህ ሞተህ ደግሞ ሌላ ተረት ልታወራብኝ ነው?"

"እዚሁ ይሻለኛል፣ አክስቴ። ይመጣሉ።"

"ውረድ ነው የምልህ! እግሬን ብርድ በላው። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።"

ወረደ። ኮፍያውን አውልቆ ከኋላዋ ሄደ። እዚያው ወጥ ቤት፣ በልጅነቱ ጸጉሩን ትቆርጥለት የነበረበት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ በላ። ቀና ብሎ እንዳላያት እሷው ነገረችኝ። "ጆሮው ነው ሲበላ የነበረው፤ እንዲያ የቀላ ጆሮ አይቼ አላውቅም" አለችኝ። እሱ ሾርባውን ሲጨርስ፣ ምን እንደገፋት እንጃ፣ ኢሽቤል ስለ ቶርኪል ማውራት ጀመረች። እንዴት እንደተጋቡ፣ እሱ ምን ያስቃት እንደነበር፣ የሄደ ቀን ጠዋት ምን እንዳላት። ቦይ የገባውን መኪና ሊጎትቱ የመጡት ሰዎች በር እስኪያንኳኩ ድረስ ነገረችው።

ከዚያ በኋላ ሩሪ ሻይ ቤት ሲመጣ እኔም ሰው ነኝና ጠየቅሁት። "ለመሆኑ ቶርኪል ሲሄድ ምን ብሏት ነው የሄደው?"

ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨመረ። ማንኪያውን አዞረ፣ አዞረ።

"እሷን ጠይቂያት፣ እትዬ" አለኝና ጓንቱን አንስቶ ወጣ።